ሚሲዮኖቹ «ምን ይዘን እንምጣ?» ብለው ጻፉልን፤ ምን ብዬ ልመልስ?

የቆጪው ነርስ (ጅማ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እንደምን ሰነበታችሁ?

ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

የምኖረው ጅማ ቆጪ ሰፈር ነው። ክሊኒካል ነርስ ነኝ፣ በአንድ የግል ክሊኒክ እሠራለሁ። በዚያ ላይ የቤተክርስቲያናችን የጤና ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ያደረጉኝ መጻፍ ስለምችል አይደለም። እንግሊዝኛም ኦሮምኛም ስለምናገር ነው። ፈረንጅ በመጣ ቁጥር የሚደወለው ለእኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኢሜይል ደረሰን። ከባሕር ማዶ ያለች አንዲት ቤተክርስቲያን አሥራ አራት ሰው ለሁለት ሳምንት ልትልክ ነው። ሐኪም አለ፣ ሦስት ነርሶች አሉ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም አለ። የቀሩት «የታዘዝነውን እንሠራለን» ባዮች ናቸው። ዓላማቸው ሁለት ነው፤ የማኅበረሰብ ጤናና የአካባቢ ጥበቃ። ኢሜይሉ የሚያልቀው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ምን ይዘን እንምጣ?

ሽማግሌዎቹ መልሱን አንተ አዘጋጅ አሉኝ። ይኸው ሦስት ቀን ሆነኝ፤ «ውድ ወንድሞችና እህቶች» ከሚለው መስመር አላለፍኩም።

ለምን እንደከበደኝ ላውጋችሁ። የዛሬ አራት ዓመትም ሌሎች መጥተው ነበር። ደግ ሰዎች ነበሩ፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። በደዶ መንገድ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ሁለት ቀን ድንኳን ተተከለ። ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፏል። ሦስት ሰዓት በእግሩ የተጓዘ ነበር። እኔ ከሐኪሙ ጎን ተቀምጬ አስተረጉማለሁ። አንዷ «ሚቺ መታኝ» ትላለች፤ ሐኪሙ ዞር ብሎ ያየኛል። ምችን በእንግሊዝኛ ምን ትሉታላችሁ? ዳማከሴ ታሽቶ ይሰጣት ልለው ምንም አልቀረኝ።

ከሁሉም አንዲት እናት ከሐሳቤ አይወጡም። ግፊታቸው ሲለካ 180 በ110 ሆነ። ሐኪሙ ደነገጠ። ሠላሳ ፍሬ ያለበት ብልቃጥ ሰጣቸው፣ በቀን አንድ። ወሩ አለቀ፣ እንግዶቹም አገራቸው ከገቡ ቆይተዋል። መጋቢት ላይ እኚያ እናት ባዶውን ብልቃጥ በመሐረብ ጠቅልለው ክሊኒካችን ድረስ መጡ። «ቆርቻ ፈረንጂ አልቆብኛል» አሉኝ፤ የፈረንጅ መድኃኒቴ ማለታቸው ነው። ጽሑፉን አየሁት፤ አምሎዲፒን ነው። እኛ መደርደሪያ ላይ ሞልቶ ተርፏል፣ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም። አውርጄ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። «ይኼማ የዚህ ነው» አሉና መለሱልኝ። አንድ ነው ብዬ ብለምን ብሠራ አልሰሙኝም። ዛሬ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አይሠራም።

ችግኙስ? የመጡት ጥር ላይ ነው፤ እረፍት የሚያገኙት ያኔ ነውና። ጥር ላይ ችግኝ የሚተክል የጅማ ገበሬ ካለ አሳዩኝ። አራት መቶ ግራቪሊያ ገዝተን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ተዳፋት ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተከልን። ፎቶው ያምራል። ልጆቹ እየዘመሩ፣ እንግዶቹ ቀይ አፈር በቀይ አፈር ሆነው። አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ሲያዩን ቆዩና በኦሮምኛ «እነዚህን ማን ሊያጠጣቸው ነው? ከብቱንስ ማን ሊከለክል ነው? ግጦሻችንን ወሰዳችሁት እኮ» አሉ። ፈረንጁ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይላሉ» አልኩት።

እውነቱን መናገር አፈርኩ። ሚያዝያ ላይ ስሄድ ከአራት መቶው የቀረው ችግኞቹ የመጡበት ጥቁር ፕላስቲክ ነበር፣ መሬት ላይ ተበታትኖ።

ፍሬ ያልነበረው ነገር ነው እንዳትሉ ግን። የጥርስ ሐኪሙን ማንም አያማውም፤ የተነቀለ ጥርስ ተመልሶ አያምም። ሌላም አለ። ከቡድኑ ውስጥ በዕድሜ የገፉ አንዲት ነርስ ነበሩ። ከሰልፉ ራቅ ብሎ፣ ከግራሩ ሥር ለብቻው የተቀመጠ ሰውዬ አዩ። እግሮቹ አብጠው፣ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሆኖ፣ ዝንብ ወርሮታል። ሰው ይተላለፋል ብሎ ስለሚፈራው አይጠጋውም። ነርሷ «የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አምጡልኝ» አሉ። ተንበረከኩና በሳሙና አጠቡት። በየጣቱ መካከል እየገቡ፣ ቀስ ብለው። አደረቁ፣ ቫዝሊን ቀቡ። ከዚያ ቦታቸውን ለሴት ልጁ ለቀው «አሁን አንቺ አሳዪኝ» አሏት። ልጅቷ ዛሬም ታጥበዋለች። ሽታው ጠፍቷል፣ ቁስሉ ደርቋል፣ ለቅሶ ቤት ይገባል። ከዚያ ጉዞ ሁሉ በዓይኔ የማየው የቀረ ነገር ይህ ብቻ ነው። የፈጀውም አንድ ሳሙናና አንድ ቀትር ነው።

እንዲህ ዓይነት እግር ያለባቸው በዚያ አካባቢ አሥራ አንድ ሰዎች ቆጥሬያለሁ። ጫማ አድርጉ እንላለን፤ እግራቸው የሚገባበት ጫማ ግን ሂርማታ ገበያ አልተገኘም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይኼ ነው። ምን ይዛችሁ ኑ ልበላቸው? ምን ይዛችሁ አትምጡ ልበላቸው? ደግሞስ ሳላስቀይም እንዴት ልበለው?

ሶዶ ያደግሁ፦

ወንድሜ፣ ሳቅ ሳቅም አለኝ፣ ከፋኝም።

ከሳቁ ልጀምር። የሚሲዮን ሐኪሙ ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1928 ከአዲስ አበባ በበቅሎ ሲነሱ ሐሳባቸው ጅማ ነበር። መንገድ ላይ የደቡብ ገዢዎች እዚሁ ሁኑልን አሏቸውና ወላይታ ቀሩ። ስለዚህ ለእናንተ የተላከውን ነው የበላንባችሁ፤ ዕዳችንን ልክፈል።

ስለ እግሩ። አንተ ባለሙያ ነህ፣ ላስተምርህ አይደለም፤ ሌላው እንዲያነበው ነው። ያየኸው ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ዝሆኔ ይመስላል። በትንኝ ከሚመጣው የተለየ ነው። ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቆማል፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል። ጀርም የለውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። አምጪው አፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ ደቃቁ ብናኝ በቆዳ ገብቶ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቧንቧዎች ይጎዳል። ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና ብዙ ዝናብ ያለበት አገር ይወደዋል። ጅማ ሁለቱም አላት። ሁሉንም ሰው አይዝም፤ በተፈጥሮው የተጋለጠውን ነው የሚይዘው። ስለዚህ በአንድ ቤት ይደጋገማል፣ ሰውም የዘር እርግማን ነው ብሎ ልጁን አይድርም። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው አለበት ተብሎ ይገመታል።

እኛ ጋ ይህን ሥራ የጀመሩት ዶክተር ናታን ባርሎ ናቸው። ለብዙ ዓመት አገራችን የኖሩ አሜሪካዊ ሚሲዮን ሐኪም ነበሩ። በእርጅናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሞሲ ፉት የተባለውን ፕሮጀክት አቋቋሙ። እኔ ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ሳፋዎቹን ነው። የሳፋ ሰልፍ! ውሃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት ጠብታ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ። ሌላ ተአምር የለም። የሚያጥቡትና የሚያስተምሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ታመው የተሻላቸው ሰዎች ነበሩ። ጫማውንም እዚያው ሰፊ አድርገው ይሰፉታል። ፈረንጁ ቢሞቱም ሥራው አልሞተም፤ ሳፋው ያለው በእኛ ሰው እጅ ነው።

ጫማ እኔ እጠይቅልሃለሁ። መጠኑን ብቻ ላክ።

ከሂርማታ፦

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ገብቼ ብናገር ቅር አይላችሁም ብዬ ነው።

እናቴ እንዲህ ያለ ድንኳን ሄዳ ታውቃለች፤ የእናንተው ይሁን የሌላ አላውቅም። ጥርሷን አሟት ነበር። ካርድ ከመታደሉ በፊት መዝሙርና ስብከት ተጀመረ። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሰዓት ተኩል ሆነ። ማንም ሃይማኖትሽን ለውጪ አላላትም። ግን ጉንጯን በሻሽዋ ይዛ ፀሐይ ላይ ቆማ ያን ሁሉ መስማት የካርዱ ዋጋ መሰላት። ተነስታ ወደ ቤቷ መጣች። ጥርሱን ከሳምንት በኋላ ከፍለን አስነቀልን።

ማንነታቸውን ይደብቁ አልልም። ክርስቲያን መሆናቸውን ሰው ከሩቅ ያውቃል፤ ጅማ እኮ አብሮ መኖር አዲስ ነገር አይደለም፣ የፋሲካችሁን እንመጣለን የዒዳችንን ትመጣላችሁ። ካርዱንና ስብከቱን ግን ለዩልን። ቀበሌው ውስጥ ኢማሙንና የእድሩን ዳኛ ቀድማችሁ አናግሩ። ዓርብ ቀን አትጥሩ። ያቺ አሮጊት ነርስ እግር ስታጥብ ምንም እንዳልሰበከች ልብ በልልኝ፤ ሰውየው ግን ለምን ይህን አደረገች ብሎ እስከ ዛሬ ሳይጠይቅ አይቀርም።

ኤክስቴንሽኗ፦

ወንድሜ እግዜር ይስጥህ፣ ሆዴ ውስጥ ያለውን ነው ያወራኸው።

እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፣ ጅማ ዞን ገጠር ውስጥ። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ ለ5,000 ሰው ያህል። በእኔ ቀበሌ ሽንት ቤት የሌለው ቤት ካለ በር ላይ ቆሜ ነው የማስቆፍረው። እኛም ጋ ድንኳን መጥቶ ያውቃል። ለእኔ የነገረኝ የለም፤ ሙዚቃ ሰምቼ ነው የሄድኩት። በማግስቱ ሰው «አንቺ ዘንድ እኮ መድኃኒት የለም» ይለኝ ጀመር። እንግዳው ከሄደ በኋላ የሚያስታምመው ማን ነው? ስማቸውስ በየትኛው መዝገብ ተጻፈ?

ስለዚህ የግፊት መድኃኒት የሚሰጡ ከሆነ ጤና ጣቢያው ያለው ዓይነት ይሁን፣ እዚያው ይመዝገቡ። ሐኪሞቹ ፈቃዳቸውን ቀድመው ያውጡ። መድኃኒት በሻንጣ አይግባ፤ የሚገባም ከሆነ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅትም ስለ መድኃኒት ልገሳ የሚለው ይህንኑ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እግራችሁን በየቀኑ ታጠቡ ትላለህ። ውሃውስ? እኔ ቀበሌ ሴቶች ምንጭ ወርደው ጀሪካን ተሸክመው ለመመለስ ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። ምንጩ ውስጥ ከብት ይገባል። ከበላዩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ውሃው ከዓመት ዓመት ይቀንሳል ይላሉ ገበሬዎቹ። በዚህ ውሃ ነው እግር የሚታጠበው፣ በዚሁ ነው ሕፃን የሚጠጣው። «አካባቢ ጥበቃ» ካሉ ምንጭ ያጎልብቱ፣ በአጥር ይከልሉ። ያኔ ጤናውም አካባቢውም በአንድ ቦታ ተሠራ።

የችግኝ ጣቢያው፦

ኤክስቴንሽኗ ቀደመችኝ። እኔ በችግኝ ነው እንጀራ የምበላው፤ ሆኖም ችግኝ አትግዙ እላለሁ።

ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ አለ። ሚሲዮን ሆኖ ኒጀር፣ ማራዲ ሄደ። መጀመሪያ እሱም እንደ እናንተ ችግኝ ይተክል ነበር፤ አብዛኛው ይደርቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ቀን አሸዋ ላይ ሊነዳ የመኪናውን ጎማ እያስተነፈሰ ሳለ ዓይኑ ቁጥቋጦ ላይ አረፈ። ቀረብ ብሎ ሲያየው ቁጥቋጦ አይደለም፤ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ እንደገና እያቆጠቆጠ ነው። ሥሩ ከመሬት በታች በሕይወት አለ። ከዚያ ወዲያ መትከሉን ትቶ ያለውን ማሳደግ ያዘ። ከጉቶው ከሚወጣው ብዙ ቡቃያ ቀጥ ቀጥ ያሉትን ጥቂቶች መምረጥ፣ ሌላውን መግረዝ፣ ከብት እንዳይበላው መጠበቅ። በዚህ ዘዴ በኒጀር 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል አገግሟል። እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኘበት።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በዚሁ መንገድ ለምቷል። ሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይዘውት፣ የካርቦን ገቢ አግኝተውበታል። ባለቤት ስላለው ነው የቆየው።

ጅማ ኒጀር አይደለችም በእርግጥ። እዚህ ዝናብ አይጠፋም፤ የሚጠፋው አጥር ነው። ምንጩ በላይ ሂድና እይ። የብሳና፣ የዋንዛ፣ የሳሳ ጉቶ አታጣም። እንግዶቹ ከመጡ የመግረዣ መቀስና የአጥር ሽቦ ገንዘብ ይዘው ይምጡ። ጥርም ቢሆን ግድ የለም፣ አጥር በበጋ ይታጠራል። መትከል የግድ ካማራቸው ሰኔ ላይ ብር ይላኩ፣ ሰዎቹ ራሳቸው ይተክሉታል።

የቆጪው ነርስ (ጅማ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሥር ቀን ጠፋሁ፤ እየተመላለስኩ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ከዚያው ቀበሌ ኤክስቴንሽን ጋር ምንጩን ልናይ ወረድን። ነገሩ ሁሉ እኅታችን እንዳለችው ነው። ከብቶቹ ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ቆመዋል፤ ከእነሱ በታች አንዲት ልጅ ጀሪካኗን በቆሬ ትሞላለች። ከበላዩ ባሕር ዛፍ ነው፣ ግን በዳርና ዳሩ ጉቶ አለ። የብሳና ጉቶዎች ሰባት ቆጠርኩ፤ አንዱ ብቻውን ከሃያ በላይ ቡቃያ አውጥቷል። ለዓመታት በጎኑ ሳልፍ ቁጥቋጦ ነበር የሚመስለኝ።

እኚያ ባለበትር አዛውንት እዚያው ነበሩ። መሬቱ የእሳቸውና የወንድማቸው ነው ለካ። አጥሩን ነገርኳቸው፤ ለከብቱ ከታች የተለየ ገንዳ ይሠራ እንጂ እስማማለሁ አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጻፍኩት። ከዚያ ያ ነገር ከነከነኝና «አባቴ፣ ያን ጊዜ ያሉትን ለፈረንጁ አልነገርኩትም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔ ስቆጣው እጄን ጨብጦ ስሞኝ ሄደ። ምን ብለኸው ነው?»

ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ኢማሙንም የእድሩንም ዳኛ አነጋግረናል። ኢማሙ የመስጊዱን ግቢ ለእጥበቱ እንሰጣለን አሉ፤ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አላቸው። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ፣ ከዚያ አንዱ «ታዲያ ውሃው እነሱ ጋ ከሆነ» አሉ፤ በዚያው አለፈ።

ኢሜይሉም ሄደ። ድንኳን አንተክልም፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነው የምትሠሩት አልኩ። መድኃኒት አታምጡ፣ እዚህ የሚገዛውን እንግዛበት አልኩ። የጥርስ መሣሪያ ግን አምጡ። ሳፋ፣ ፎጣ፣ ካልሲ፣ ለምንጩ ሲሚንቶና ለአጥሩ ሽቦ ከዚሁ ይገዛል። አሥራ አራት ሰው ይበዛል፣ ስድስት ይበቃል፣ የቀረው ትኬት ለምንጩ ይሁን የሚል አንቀጽም ነበረው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ሰረዙት፣ ሁለት ጊዜ መለስኩት። መጨረሻ ላይ «ባለሙያዎቹ ቢቀድሙ ደስ ይለናል» በሚል ታረቅን። ሐበሻ መቼም ቁርጡን አይናገርም።

ትናንት መልስ መጣ። ስምንት ሆነዋል። ያቺ አንቀጽ ሠርታለች ማለት ነው። ስለ ችግኝ አንድም ቃል የለም፣ ስለ ጫማው ግን አሥራ አንዱንም እንከፍላለን፣ መጠኑን ላኩ ብለዋል።

ሶዶ ያደግህ ወንድሜ፣ እንግዲህ አንተው ነህ። ቁጥር 42 ወይም 43 የሚባል ነገር ለእነዚህ እግሮች አይሆንም። በአሮጌ ካላንደር ጀርባ እግራቸውን አስረግጬ በእስክሪብቶ ልዙርበት? ዙሪያውንስ በክር ልለካው? ነገ ከሥራ በፊት፣ በጠዋት ልሄድ አስቤያለሁ።

ሶዶ ያደግሁ፦

ሁለቱንም አድርግ። ካላንደሩ ላይ ግራና ቀኝ ብለህ ጻፍ፣ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ክሩን ከጣቱ ግርጌ፣ ከመሐል፣ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ አዙርና ቋጠሮ አድርግበት።

በጠዋት ግን እንዳትሄድ። ከሥራ በኋላ ሂድ። እግሩ ሲውል ያብጣል፤ በጠዋት ልክ የተሰፋ ጫማ ማታ አይገባም።